ታይመሩ የነቃ ለት

አፈ ቅቤ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው። የተረቱን ሁለተኛ ግማሽ ግን ደፍሮ የሚጨምርበት አልነበረም። አፉ ቅቤ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ልቡ ጩቤ መሆኑን የምታውቀው ግን አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ አትናገርም። የእህቷ ባል ነዋ! የእህትን ባል ሌባ ብሎ ወዴት ይኬዳል?

እሷን ደቂቃ ይሏታል። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ነው የሚል አለ፣ ከሥራዋ የመጣ ነው የሚልም አለ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ልክ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ችግኝ ለሚያፈሉ ትልልቅ እርሻዎች የውሃ ፓምፕ የሚያዝ የፕሮግራም ቋንቋ ይሠራል። ባለ እርሻው ራሱ ቁጭ ብሎ "ይህ ፓምፕ በየአሥር ደቂቃው ያጠጣ" ብሎ ይጽፋል፤ ከሥር ያለው ሞተር፣ እነሱ ራንታይም የሚሉት፣ ትእዛዙን ተቀብሎ ያስኬደዋል። በዚያ ሞተር ውስጥ "በየአሥር ደቂቃው" የምትለዋን ነገር እውነት የሚያደርጋት ታይመሩ ነው። ታይመሩን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የጻፈችው ደቂቃ ናት።

ቀላል ነገር መሰላችሁ? እስቲ ሞክሩት! "አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ አጠጣ፣ እንደገና አሥር ደቂቃ ጠብቅ" ብትሉት፣ ማጠጣቱ የሚፈጀው ጊዜ በየዙሩ እየተጨመረ ጠዋት ልክ የነበረው ማታ ላይ ተንሸራቶ ሌላ ቦታ ይገኛል። ደቂቃ ይህ ስለገባት ቀጣዩን ምት፣ የሚቀጥለውን የማጠጫ ተራ ማለት ነው፣ የምትቆጥረው ሥራው ካለቀበት ሳይሆን ከታቀደለት ሰዓት ነበር። ታይመሩ አልንሸራተት አለ። ደስ አላት፣ እቤቷ ወስዳ በእናቷ የመስኮት አበባዎች ላይ ልትሞክረው ፓምፑን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘችና ተኛች።

ጠዋት የላፕቶፑን ክዳን ስትከፍት ጉድ ፈላ። ለካስ እናቷ "ይህ መብራት እንቅልፍ ነሳኝ" ብላ ክዳኑን ዘግታው አድራለች፤ ኮምፒውተሩም አብሮ ተኝቷል። ሲነቃ ሰዓቱን አየና የታቀዱት ምቶች ሁሉ እንዳለፉ ተረዳ። ታማኝ አገልጋይ አይደል? ያመለጠውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ልክፈል ብሎ ተነሳ። ውሃው ማሰሮዎቹን ሞልቶ፣ የመስኮቱን ደፍ አልፎ ምንጣፉ ላይ ተኛ። አበባዎቹ ከሥራቸው ተነቅለው ተንሳፈፉ። ደቂቃ አቁም ብላ ብትጫንም ተራ ይዘው የተሰለፉት ምቶች አናቆምም አሉ።

"ምን አድርጌሽ ነው አበባዬን የገደልሽው?" አለች እናቷ እርጥብ ምንጣፍ እየጠመዘዘች።

"ተኝቶ ሳለ ያለፈውን ሁሉ ሲነቃ አንድ ላይ ከፈለው፣ እማዬ። አስተካክለዋለሁ።"

አስተካከለችውም። ታይመሩ ሲነቃ ስንት እንዳመለጠው ይቆጥራል፣ ግን አንዴ ብቻ ያጠጣና ወደ መደበኛ ሰዓቱ ይመለሳል፤ አቁም ሲባልም የተሰለፉትን ጭምር ይሰርዛል። ጥቂት መስመር ናት። ታይመሩን ከእብደት የጠበቀችው ግን እሷ ናት። እናትየው አዲስ ችግኝ ተከለችና ነገሩን የልጅ ጨዋታ ብላ ረሳችው።

ከዚያ ሥራው ለትልቋ አለቃ የሚቀርብበት ቀን መጣ። ትልቋ አለቃ የመሥሪያ ቤቱ መሥራች ናት፤ ፀጉሯ ነጭ፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ ሰው ሲያወራ ዓይኑን የምታይ። ቡድኑን የሚመራው አፈ ቅቤ ተነስቶ ታይመሩን ማብራራት ጀመረ። "ይህን ሳስበው… ይህን ስሠራው… እዚህ ጋ ሲያስቸግረኝ…" ደቂቃ ከጎኑ ተቀምጣ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ሌላው ቢቀር "ስንሠራው" እንኳ አላለም።

ኮሪደር ላይ ጠብቃ ያዘችው። "ምን ማለትህ ነው?"

"አንቺ ደግሞ!" አለ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ። "የኔና ያንቺ ምን አለው? እኔ ከፍ ስል እህትሽ ከፍ ትላለች። የቤተሰብ ነገር ነው፣ እህቴ።"

 እህቷ አባታቸው ሲሞት ትምህርቷን አቋርጣ እሷን ያሳደገች፣ እሷን ያስተማረች ናት። ደቂቃ ዛሬም "እትዬ" ብላ ነው የምትጠራት። በዚህች ሴት ትዳር ላይ እንዴት ድንጋይ ትወርውር? ዋጠችው። ያኔ ዋጠችው እንጂ አልተፈጨላትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚባለው እንዲሁ ከሜዳ የመጣ ነገር አይደለም።

አፈ ቅቤ ተሾመ። በተሾመ ሰሞን ደቂቃን ጠርቶ "ደንበኛ የሚያናግር ብልህ ሰው ቸግሮናል" አላትና ምድር ቤት፣ ስልክ ማንሻ ክፍል አወረዳት። ነገሩ ገብቷችኋል፤ የሰረቀ ሰው ባለቤቱን ፊት ለፊቱ ማየት አይወድም።

እሁድ እሁድ ደግሞ አለላችሁ። እናትየው ቤት ለምሳ ይሰበሰባሉ። እናትየው ከሁሉ አስቀድማ ለአማቿ ታነሳለታለች፣ ለጎረቤት ታወራለታለች፤ "የኔ አማች እኮ ሰዓትን ራሱን ያሠለጠነ ሰው ነው!" እሱ አንገቱን ሰበር አድርጎ "ኧረ ትንሽ ነገር ናት እማማ፣ ለፍቼባታለሁ እንጂ" ይላል። ለፍቼባታለሁ! እናትየው ደግሞ ወደ ደቂቃ ትዞራለች።

"አንቺስ ልጄ፣ አሁንም ስልክ ነው የምታነሺው?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"እሱም ሥራ ነው" ትላለች እናትየው አዝና፤ ያች ሐዘን ከስድብ በላይ ታቃጥላታለች። ቂም ይዞ ጸሎት ይባላል፤ ቂም ይዞ ምሳም አለ። እየሳቀች ትበላለች፣ እየበላች ታረግዛለች፤ ቂሙን ነው የምላችሁ። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይህ ሰው በሰው ፊት፣ በእናቷ ፊት፣ ጣቱን ወደ እሷ ቀስሮ "እሷ ናት የሠራችው" እንዲል።

አንድ ቀን አፈ ቅቤን እጁን በላው። የሰው ሥራ የወሰደ ሰው የራሱን አሻራ ካላሳረፈበት እንቅልፍ አይወስደውም። ኮዱን ከፈተና "ይህ ትርፍ ነው" ብሎ እነዚያን ጥቂት መስመሮች ቆርጦ ጣላቸው። "ታይመሩን አቀጠንኩት፣ ፈጣን ሆነ" ብሎ አስወራ። ቢሮው ያለው ኮምፒውተር ተኝቶ የማያውቅ ስለሆነ ምንም አልታየውም። ደቂቃ ግን ምድር ቤት ሆና የልጇን ጤና እንደምትጠይቅ እናት ኮዷን አልፎ አልፎ ትከፍተው ነበርና የተቆረጡ ለት አየች።

ሐቁን እንናገር፤ መጀመሪያ ልትነግረው ነው የተነሳችው። ቂም እንዳለ ሆኖ፣ ሥራዋ ነዋ። ደረጃውን ወጥታ በሩን አንኳኩታ ገባች። ከገዥዎች ጋር ተቀምጧል።

"ይቅርታ፣ ስለ ታይመሩ አንድ ነገር…"

"ደቂቃ!" አለ ፈገግ ብሎ። "የስልኩን ነገር እዚያው ከስልክሽ ጋር። እዚህ ትላልቅ ሰዎች እያወሩ ነው።"

ሰዎቹ ሳቁ። ቁመቷን አይተው ነው የሳቁት፤ እሱም እንዲስቁ ነው የተናገረው።  "እሺ" አለች፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋች፣ ወረደች። ዝም አይነቅዝም አለች በልቧ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለሰው ትንፍሽ አላለችም።

ትልቁ የማሳያ ቀን ደረሰ። ከየእርሻው ገዥዎች ተጠርተዋል፣ ትልቋ አለቃ ፊት ወንበር ላይ ልትቀመጥ ነው። አፈ ቅቤ ሚስቱንና አማቱን ሳይቀር ጋብዟል፤ ሲጨበጨብለት ይዩት እንጂ! የአዳራሹ መድረክ ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ፣ ሳጥን ሙሉ ችግኝ፣ ከሥሩ ውሃ የሞላ ባልዲና ፓምፕ። ከጠዋት ጀምሮ ፓምፑ በየደቂቃው አንድ ጉንጭ ውሃ ለችግኞቹ ያቀምሳል። እንግዶቹ ሲገቡ "እነሆ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ምት አልሳተም" ሊላቸው ነው። ላፕቶፑ ላይ "አይነካ" የሚል ወረቀት ለጥፎ እንግዳ ሊቀበል ወደ በሩ ወጣ።

ወንበር እንድትደረድር የታዘዘችው ማን ትመስላችኋለች? ደቂቃ። የመጨረሻውን ወንበር አስተካከለች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ሰው የለም። ወደ መድረኩ ወጣች።  "ትላልቅ ሰዎች እያወሩ ነው" አለች ለራሷ፣ ክዳኑንም ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ፓምፑ ዝም አለ። ወርዳ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

እንግዶቹ መጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ተሳሳቁ፣ ንግግር ተደረገ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ታይመሩ ተኝቷል። በመጨረሻ አፈ ቅቤ መድረክ ላይ ወጣ። የተዘጋውን ክዳን ሲያይ ትንሽ ቅር አለው፤ አቧራ እንዳይገባ ብሎ አንዱ የዘጋው መስሎት መሰለኝ፣ ወዲያው ፈገግታውን መለሰ።

"ክቡራን እንግዶቼ፣ ይህ እኔ በገዛ እጄ የሠራሁት ታይመር ነው" አለ፤ ድምፁ ማር ነው። "ጊዜን አያሳልፍም፣ ጊዜን አይስትም!" ክዳኑን ከፍ አደረገው።

ታይመሩ ነቃ። ሰዓቱን አየ።

መጀመሪያ ፓምፑ አንዴ ጉንጭ አለ፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ደግሞ ጉንጭ፣ ደግሞ ጉንጭ፣ ከዚያ ፋታ የሚባል ነገር ጠፋ። ሳጥኑ ሞላ፣ አፈሩ ጭቃ ሆኖ በጠረጴዛው ጠርዝ ይንዠቀዠቅ ጀመር። አፈ ቅቤ ሳቁ ፊቱ ላይ እንደደረቀ አቁም የሚለውን ተጫነ። አልቆመም። እንደገና ተጫነ፣ ደበደበው። ማቆሚያው አዲስ ምት እንዳይመጣ ያደርጋል እንጂ የተሰለፉትን የሚሰርዘውን መስመር ራሱ ቆርጦታላ! በዚህ መሐል ቱቦው ከሳጥኑ ተስፈንጥሮ እንደ እባብ ተገለበጠና ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡትን ገዥዎች ያጥባቸው ጀመር። ትልቋ አለቃ ጭን ላይ አንድ ችግኝ ከነሥሩ ዱብ አለ።

"ሶኬቱን ንቀለው፣ አንተ ሰው!" አለ አንድ የሴት ድምፅ ከኋላ። እሱ ግን ድርቅ ብሎ ቀርቷል። ሮጣ ወጥታ የፓምፑን ሶኬት የነቀለችው ሚስቱ ናት፤ ለዚህ ቀን የለበሰችው ቀሚስ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆነ።

ደቂቃ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ አየች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አልዋሽላችሁም፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ትልቋ አለቃ ችግኙን ከጭኗ አንስታ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። "ይህን ማን ነው የሠራው?" አለች።

አፈ ቅቤን ላብ አጠመቀው። "ክዳኑን የዘጋ ሰው አለ! እኔ ክፍት አድርጌ ነው የተውኩት!"

"ክዳን ሲዘጋበት የሚያብድ ዕቃ ነው ልታስሸጠኝ የነበረው? ማን ነው የሠራው አልኩ።"

አፈ ቅቤ አዳራሹን በዓይኑ አሰሰ፣ የሚፈልጋትን አገኘ፣ ጣቱን ቀሰረ። "እሷ ናት" አለ። "ታይመሩን የሠራችው እሷ ናት። እኔ አቀረብኩት እንጂ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሷ ሥራ ነው።"

ያች ጣት! በየእሁዱ የተመኘቻት ጣት ናት፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ በእናቷ ፊት። እንዲህ ሆና ትመጣለች ብላ ግን አላሰበችም ነበር።

ደቂቃ አፏን ሳትከፍት ከግድግዳው ጥግ፣ ከምሰሶው ኋላ፣ እናቷ ብድግ አለች። ቅድም ሶኬቱን ንቀል ያለችውም እሷ ኖራለች።

"ቆይ ቆይ ቆይ! በየእሁዱ ገበታዬ ላይ ለፍቼባታለሁ ስትለኝ የነበረው ይህንኑ አይደለም እንዴ? ሲያምር ያንተ፣ ሲበላሽ የልጄ?" ወደ ጭቃው አየች፣ ዓይኗ ፈጠጠ። "እንዴ! ይሄ እኮ አበባዬን የገደለው ነው! እሷው ናት የሠራችው፣ የኔው መስኮት ላይ! ይህ ሰው ያኔ የት ነበረ?"

የታጠቡት ገዥዎች ሳይቀሩ ሳቁ። ትልቋ አለቃ አልሳቀችም፤ ደቂቃን ትክ ብላ አየቻት።

"የአንቺ ነው?"

"የእኔ ነው። ያመለጠውን ሁሉ እንዳይከፍል የሚከለክሉትን መስመሮች የቆረጣቸው ግን እሱ ነው።"

"መቆረጣቸውን መቼ አወቅሽ?"

 "የተቆረጡ ለት።"

"ለምን አልተናገርሽም?"

"ልነግረው ሄጄ ነበር። ትላልቅ ሰዎች እያወሩ ነው ብሎ መለሰኝ።"

ትልቋ አለቃ ወደ አፈ ቅቤ ዞረች። "ቀልድ ነበር…" አለ። ቅቤው አልቆበታል።

"አንተ የቢሮህን ቁልፍ ታስረክባለህ። አንቺ ደግሞ ነገ ታይመርሽን ታስተካክያለሽ፤ በስምሽ ይጻፋል። ለእኔ ግን ለምን አልመጣሽም? ቤቴ ሲፈርስ አይቶ ዝም ካለ ሰው ጋር እንዴት እንደምሠራ እኔም ማሰብ አለብኝ" አለችና እንግዶቿን ይቅርታ እየጠየቀች ይዛቸው ወጣች። አፈ ቅቤም እግሬ አውጪኝ አለ፤ ሚስቱን እንኳ አልጠበቃትም።

እንግዲህ አሸነፈች አይደል? ስሟ ተጠራ፣ ሌባው ተዋረደ። ደቂቃ ፈገግታዋ ከከንፈሯ ሳይወርድ ወደ መድረኩ ስትሄድ እህቷ ተንበርክካ፣ በገዛ ሻርፗ ውሃውን ታደርቃለች። ሶኬቱ ገና በግራ እጇ ነው።

"የአንቺ ነበር?" አለች ቀና ሳትል።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ቤትሽ እንዳይፈርስ ብዬ።"

እህትየው ሻርፑን ባልዲው ላይ ጨመቀችው። "እና ዛሬ ሳይፈርስ ቀረ?" አለች።

 የደቂቃ ፈገግታ የት እንደገባ እንጃ። እናቷ ከኋላዋ መጥታ ክንዷን ያዘችና ራቅ አድርጋ ወሰደቻት።

"ዛሬ ስመጣ ማንም አልነበረም" አለች በዝግታ። ቀጠሮ ላይ ከሁሉ ቀድማ የምትደርስ ሴት ናት፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ደቂቃ ረሳችው እንጂ። "እግሬን አሞኝ ከምሰሶው ኋላ ጫማዬን አውልቄ ተቀምጬ ነበር። ክዳኑን ስትዘጊው አይቻለሁ።"

ደቂቃ ክው አለች። "ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?"

"ልጄ አይደለሽ? እሱም የእጁን ነው ያገኘ፤ ለእሱ አላዝንም።" እናትየው ወደ ተንበረከከችው ልጇ አየች። "ግን አበባዬ የሞተ ለት ያልሽኝን ታስታውሻለሽ? ተኝቶ ሳለ ያለፈውን ሁሉ ሲነቃ አንድ ላይ ከፈለው አልሽኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ዕቃ እንዴት እንዲህ ያደርጋል ብዬ። አንድ እሁድ፣ አንድ እሁድ ብቻ 'እማዬ፣ ይህ ሰው ሰርቆኛል' ብትይኝ ምን ነበረበት? ዝም፣ ዝም፣ ዝም፣ ከዚያ ጎርፍ። ዕቃው አንቺን ነው የወጣው፣ ልጄ።"

ደቂቃ ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። 

"በይ አሁን ጨርቅ ፈልጊና እህትሽን አግዣት" አለች እናትየው፣ ጫማዋን እያጠለቀች። "ክዳኑን ማን እንደዘጋውም አንቺው ንገሪያት። ይህንንም እንዳታሳድሪው።"